ውርጭና ብስክሌት፤ የእንጅባራና የዳንግላ የማለዳ ጉዞ

በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ወራት የእንጅባራ ማለዳ የሚጀምረው በጠራ ሰማይና በነጣ ሜዳ ነው። ሌሊቱን ሰማዩ ከደመና ጸድቶ ባደረባቸው ቀናት በሣሩ፣ በቀርከሃ አጥሩና በየማሳው ላይ ውርጭ ተጋግሮ ይታያል። ከቤቱ የሚወጣው ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ እጆቹን በብብቱ ሸጉጦ ፀሐይ ወደሚያርፍበት የመንገድ ጥግ ይጠጋል። በዚሁ ሰዓት ከከተማዋ ዳር ተነስቶ ወደ ሥራው ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ በብስክሌት የሚያቀና ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ሁለቱ እጆቹ መሪውን ይዘዋል፤ ፊቱም ነፋሱን ያለ ከለላ ይጋፈጣል።

ብስክሌት ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ጥገናው የማይከብድና የታክሲ ሂሳብ የሚያስቀር መጓጓዣ ነው። ለተማሪ፣ ለቀን ሠራተኛና ለአነስተኛ ደመወዝተኛ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ሆኖም በደጋው የአገራችን ክፍል ብርዱ ብዙዎችን ከማለዳ የብስክሌት ጉዞ ያርቃል። የሚደፍሩትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠነቀቁት ለደረትና ለጀርባቸው ነው። የብስክሌተኛን ሕይወት ለአደጋ የሚዳርገው ግን ከደረት ብርድ ይልቅ የጣቶች መደንዘዝ ነው። ፍሬን የሚይዙት ጣቶች ናቸውና።

የፈረስ አገር

አዊ የፈረስ አገር ነው። በዓድዋ ጦርነት ፈረሶች የዋሉትን ውለታ ለመዘከር በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ጥር 23 ቀን ያከብራል። የበዓሉ ዕለት በእንጅባራ የሚሰባሰቡት ፈረሰኞች በልዩ ልዩ ጌጥ ባሸበረቁ ፈረሶቻቸው ላይ ሆነው የሚያሳዩት ትርኢት የአካባቢው መለያ ሆኗል። ፈረስ በዞኑ ከበዓል ማድመቂያነቱ ባሻገር ለዕለት ተዕለት ጉዞና ለጭነት ያገለግላል።

ፈረሰኛና ብስክሌተኛ በአንድ የውርጭ ማለዳ በአንድ መንገድ ላይ ቢገናኙ የሚያገኛቸው ብርድ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ፈረሰኛው የፈረሱ ገላ ሙቀት ጭኑንና እግሩን ያሞቀዋል። ልጓሙን በአንድ እጁ ይዞ ሌላውን በጋቢው ውስጥ ማሳረፍም ይችላል። ብስክሌት የራሷ ሙቀት የላትም። ሙቀት የሚያመነጨው የነጂው ጡንቻ ብቻ ሲሆን፣ ያም በአብዛኛው ከጭንና ከባት የሚገኝ ነው። እጆች በመሪው ላይ ያለ እንቅስቃሴ ስለሚቆዩ በጉዞው ሁሉ ከሌላው አካል ቀድመው ይቀዘቅዛሉ።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

ቀድሞ ኮሶበር በሚል ስም ጭምር ትታወቅ የነበረችው እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 560 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ ዳንግላ ደግሞ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ብስክሌት በስፋት የሚታይባት ባሕር ዳር የምትገኘው በ1 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የአየር ሙቀት ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በየ1 ሺህ ሜትሩ በአማካይ በ6 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት እንጅባራ በከፍታዋ ብቻ ከባሕር ዳር በ5 ዲግሪ ገደማ፣ ከዳንግላም በ3 ዲግሪ ገደማ ትቀዘቅዛለች ማለት ነው። ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ የተዛወረ ሠራተኛ በለመደው ልብስ ብስክሌት ነድቶ ሥራ ሲገባ ለምን እንደሚንዘፈዘፍ ይህ ልዩነት ያስረዳል።

ሁለተኛው ምክንያት የበጋው የጠራ ሰማይ ነው። መሬት ቀን ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ሲኖር የተለቀቀውን ሙቀት በከፊል ወደ መሬት ስለሚመልሰው ሌሊቱ ለዘብ ይላል። በኅዳርና በጥር መካከል ባሉት ሌሊቶች ግን ደመና ስለሚሳሳና አየሩም ደረቅ ስለሚሆን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ያመልጣል። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በየዓመቱ በበጋ ወራት በደጋማ አካባቢዎች የሌሊትና የማለዳ ቅዝቃዜ እንደሚበረታ የሚያሳስቡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀን ላይ ፀሐይ ስትወጣ ያው መንገድ ሞቆ ነጂውን ያልባል። በአንድ ቀን ውስጥ ውርጭና ሐሩር የሚፈራረቁበት መሆኑ የደጋውን ብርድ ከሌሎች አገሮች ክረምት የተለየ ያደርገዋል።

ብርዱ የሚጠናበት ሰዓትም ብዙዎች እንደሚያስቡት እኩለ ሌሊት አይደለም። መሬት ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ሙቀቷን መልቀቋን ስለማታቋርጥ፣ አየሩ ከሁሉ በላይ የሚቀዘቅዘው ልክ ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ብቅ ስትል ነው። በጥር ወር በእንጅባራ ፀሐይ የምትወጣው ወደ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተጠግቶ ነው። በ12 ሰዓት ተኩል ከቤቱ የሚወጣ ብስክሌተኛ እንግዲህ ጉዞውን የሚጀምረው በቀኑ እጅግ ቀዝቃዛ በሆነው ሰዓት፣ ያውም ገና በደብዛዛ ብርሃን ነው። ሥራው ወይም ትምህርቱ 2 ሰዓት የሚጀምር ከሆነና መንገዱ አጭር ከሆነ ጉዞውን በግማሽ ሰዓት ማዘግየት ብቻውን ትልቅ ጥቅም አለው።

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይከብዳል። በመሆኑም ነፋስ በሌለበት ሌሊት ከኮረብታው ተንሸራትቶ ወደ ረባዳው ቦታና ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል። ውርጭ ከኮረብታው ይልቅ በሜዳውና በሸለቆው የሚበረታው ለዚህ ነው። ብስክሌተኛም ቁልቁል ወርዶ ድልድይ ሲሻገር ብርዱ በአንድ ጊዜ ሲጠናበት ይሰማዋል። ቁልቁለቱ ፍጥነቱን ይጨምርለታል፤ ረባዳው ደግሞ ቅዝቃዜውን። ፍሬን አጥብቆ መያዝ የሚያስፈልገውም በዚሁ ቦታ ነው።

ነፋሱን የሚፈጥረው ነጂው ነው

ቆሞ የሚያወራ ሰው ፀጥ ባለ አየር ውስጥ በሰውነቱ ዙሪያ ስስ የሞቀ አየር ይከበዋል። ነፋስ ሲነፍስ ይህ የሞቀ አየር ይገፈፍና ሰውነት በየቅጽበቱ አዲስ ቀዝቃዛ አየር ለማሞቅ ይገደዳል። ብስክሌተኛ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ በፍጥነቱ ልክ ነፋስ ይፈጥራል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቆሟል ማለት ነው።

የነፋስና የብርድን ጥምር ውጤት ለመለካት የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች የተደረጉት በአንታርክቲካ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራበት ቀመር እ.ኤ.አ. በ2001 በሰሜን አሜሪካ ተሻሽሎ የወጣው ነው። በዚህ ቀመር መሠረት የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሲሆንና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲነዳ የፊት ቆዳ የሚሰማው ብርድ ከ1 ዲግሪ ጋር ይስተካከላል። ፍጥነቱ በቁልቁለት 30 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ውርጭ በጣለበት ማለዳ የአየሩ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ ቢሆን ደግሞ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሰማው ብርድ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ያህል ይሆናል።

ይህ ስሌት ሁለት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ ፍጥነትን መቀነስ ልብስ የመጨመር ያህል ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቁበት የአዊ መልክዓ ምድር ብርዱን የሚያመጣው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ዳገት ሲወጡ ጡንቻ ይሠራል፤ ነፋሱም ዝቅተኛ ነው፤ ሰውነት ይሞቃል፤ ላብም ይመጣል። ቁልቁለት ላይ እግር ሥራ ይፈታል፤ ነፋሱ ይበረታል፤ በላብ የራሰው ልብስም ሙቀትን መንጠቅ ይጀምራል። ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ዳገቱን ሲጀምር የኮቱን ቁልፍ ከፍቶ፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት የሚቆልፈው ለዚህ ነው።

ጣቶችና ፍሬን

ሰውነት ሲቀዘቅዝ ልብን፣ ሳንባንና አንጎልን ለማሞቅ ሲል ወደ እጅና እግር ጫፍ የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የደም ሥሮቹ ይጠባሉ፤ ጣቶችም ይገረጣሉ። የእጅ ቆዳ ሙቀት ከ15 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ የጣቶች ቅልጥፍና መቀነስ ይጀምራል። ወደ 8 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ የመዳሰስ ስሜት እየጠፋ ይመጣል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ቁልፍ መቆለፍ ይቸግረዋል፤ ሳንቲም ከኪሱ ማውጣት ያቅተዋል።

ለእግረኛ ይህ ምቾት የሚነሳ ነገር ብቻ ነው። ለብስክሌተኛ ግን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ5 ሜትር ተኩል በላይ ይሄዳል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ ከ8 ሜትር በላይ። የደነዘዙ ጣቶች የፍሬኑን እጀታ ፈልገው ለመጨበጥ አንድ ሴኮንድ ቢዘገዩ፣ ብስክሌቱ ገና መቆም ሳይጀምር የአንድ ክፍል ስፋት ያህል አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን አቋርጦ እንደሚያልፍና የጭነት ተሽከርካሪዎችም በማለዳ እንደሚጓዙበት ሲታሰብ፣ ያች አንዲት ሴኮንድ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ግልጽ ይሆናል። በጉዞ ላይ ድንገት የሚገባ በግ፣ ከኋላ የሚደርስ ባጃጅ፣ ከጥግ የሚወጣ ጋሪ ሁሉ ፈጥኖ መቆምን ይጠይቃሉ።

ስለዚህ በውርጭ ማለዳ ለብስክሌተኛ የመጀመሪያው ልብስ ጓንት ነው። የሱፍ ጓንት ብቻውን ነፋስ ስለሚያስገባ በላዩ ላይ ነፋስ የማያሳልፍ ነገር መደረብ ያስፈልጋል። ውድ ጓንት መግዛት ለማይችል ሰው በሱፍ ጓንት ላይ የሚጠለቅ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ጓንት ተመሳሳይ አገልግሎት ይሰጣል። ጓንቱ ግን ጣቶችን እስኪያደነድን የወፈረ ወይም የጠበበ መሆን የለበትም። ጠባብ ጓንት የደም ዝውውርን ስለሚያግድ ብርዱን ያብሳል። ከመነሳት በፊት ጓንቱን አጥልቆ የፍሬኑን እጀታ ደጋግሞ መጭበጥና መልቀቅ ሊዘነጋ የማይገባ ጥንቃቄ ነው።

የእጅ ሙቀት ከእጅ ብቻ አይመጣም። ደረትና አንገት የሞቀ ሰው ሰውነቱ ወደ ጣቶቹ ደም ለመላክ አይሰስትም። ደረቱ የቀዘቀዘ ሰው ግን ሁለት ጓንት ቢደርብም ጣቶቹ መደንዘዛቸው አይቀርም። አንገትን በሻርፕ መሸፈን ለእጅ የሚጠቅመው በዚህ መንገድ ነው።

ጣቶች ከደነዘዙ ቆሞ በብብት ውስጥ ማሞቅ ይመረጣል። በፍም ላይ መዘርጋት ግን አደገኛ ነው። የደነዘዘ ጣት እሳቱ ሲያቃጥለው ስለማይሰማው ሳይታወቅ ሊቆስል ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መሞቅም ሽታ በሌለው መርዛማ ጭስ ሕይወትን ሊያሳጣ እንደሚችል ሊታወቅ ይገባል።

ጋቢ ወይስ ሹራብ?

ጋቢ ለደጋ ብርድ የተፈተነ ልብስ ነው። በድርቡ መካከል አየር አምቆ ስለሚይዝ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ለሚውል ሰው ይህ ነው የማይባል ሙቀት ይሰጣል። በብስክሌት ላይ ግን ሁለት ችግሮች አሉበት። ነፋሱ ጠርዙን እየገለጠ ስለሚያስገባው የታመቀው አየር ያመልጣል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የተንዠረገገው ጫፍ በካቴናው ወይም በጎማው መካከል ገብቶ ነጂውን ሊጥለው መቻሉ ነው። ጋቢ ለመልበስ የሚፈልግ ሰው ጠቅልሎ በቦርሳው መያዝና ሲደርስ መደረብ ይሻለዋል። ሰፊ ሱሪና ረጅም ቀሚስ ለለበሱም ጥንቃቄው ያው ነው።

ለብስክሌት የሚስማማው አለባበስ ሦስት ስስ ድርቦችን የያዘ ነው። ከሥር ላብን የሚያርቅ ስስ ልብስ፣ በመካከል ሙቀት የሚይዝ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የሚያግድ ጃኬት። የጥጥ ልብስ ላብ ሲነካው ረጥቦ ስለሚቆይ ለሥረኛው ድርብ አይመረጥም። ሱፍ በአንጻሩ ረጥቦም ቢሆን በከፊል ያሞቃል። ነፋስ የሚያግድ ጃኬት የሌለው ሰው በሹራቡና በኮቱ መካከል በደረቱ ላይ ጋዜጣ ቢያነጥፍ ብዙ ይረዳዋል። ይህ ዘዴ በአውሮፓ የተራራ ውድድሮች ላይ ብስክሌተኞች ከዳገት ጫፍ ቁልቁል ከመውረዳቸው በፊት ሲሠሩበት የኖረ ነው። ለእግርም በካልሲና በጫማ መካከል ፌስታል ማድረግ ነፋሱን ያግዳል። ጫማው ግን ሁለት ካልሲ ሲደረብ ጣቶችን የሚያጨናንቅ መሆን የለበትም።

ከቤት ሲወጡ ጥቂት ብርድ መሰማቱ ትክክለኛ ምልክት ነው። ገና ሲነሳ የሞቀው ሰው አሥር ደቂቃ ሳይነዳ በላብ ይጠመቃል፤ ላቡም ቁልቁለት ላይ ይቀዘቅዝበታል። ቀን ላይ ሙቀቱ ስለሚጨምር የሚወልቀውን ልብስ የሚይዝ ቦርሳ ማዘጋጀትም የልብሱ አካል ተደርጎ ሊቆጠር ይገባል።

እርጥቡ ብርድ

ስለ ብርድ ሲነሳ የሚታሰበው የበጋው ውርጭ ቢሆንም፣ በአዊ ምድር ሁለተኛ ብርድ አለ። እርሱም የክረምቱ ነው። ዞኑ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ የአገራችን ክፍሎች አንዱ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብና ጉም በመንገዱ ላይ የሚቀመጡባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በክረምት የሌሊቱ ሙቀት እንደ በጋው አይወርድም። ነገር ግን ውኃ ሙቀትን የማስተላለፍ አቅሙ ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በዝናብ የበሰበሰ ልብስ ለብሶ በነፋስ ውስጥ የሚነዳ ሰው በ10 ዲግሪ ሙቀት እንኳ በውርጭ ማለዳ ደርቆ ከሚነዳ ሰው የበለጠ ሙቀት ሊያጣ ይችላል።

የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ለሕይወት አስጊ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ምልክቶቹም ሊቆም የማይችል መንቀጥቀጥ፣ የምላስ መተሳሰር፣ መደናበርና የእንቅልፍ ስሜት ናቸው። በተለይ መንቀጥቀጡ ሰውዬው ሳይሞቅ በድንገት ቢቆም የመሻል ሳይሆን የመባስ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከነፋስና ከዝናብ ማስጠለል፣ እርጥቡን ልብስ አውልቆ በደረቅ ልብስ መጠቅለል፣ ራሱን የሚያውቅ ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ማጠጣት፣ ፈጥኖም ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል።

«አረቄ ያሞቃል» የሚለው አባባል በዚህ ረገድ ጉዳት አለው። የአልኮል መጠጥ በቆዳ ሥር ያሉ የደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ለጊዜው የሙቀት ስሜት ይሰጣል። ይሁን እንጂ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ አውጥቶ ለብርዱ ይሰጣል፤ ሚዛንንና ፍርድንም ያዛባል። ለማለዳ ብስክሌተኛ የሚሻለው ትኩስ ሻይ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎ ወይም የአካባቢው ማሳ የሚያበረክተው ቅቅል ድንች ነው። ባዶ ሆድ የሚነዳ ሰው ሙቀት የሚያመነጭበት ማገዶ የለውም።

ብስክሌቱስ?

ብርድ ከነጂው ሌላ ብስክሌቱንም ይነካል። አየር ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ቀን በ24 ዲግሪ ሙቀት የተነፋ ጎማ ማለዳ ሙቀቱ 2 ዲግሪ ሲሆን በውስጡ ያለው ግፊት ከ7 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ካላማዳሪው ሳይበሳ ጎማው ላላ ብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ማለዳ ከመነሳት በፊት ጎማውን በአውራ ጣት ተጭኖ መፈተሽና አስፈላጊ ከሆነ በፖምፓ መሙላት ይገባል። በካቴናውና በኩሽኔታው ላይ ያለ ያረጀ ግራሶም በብርድ ስለሚጠጥር መንዳቱን ያከብዳል። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቅባቱን ስለሚያጥበው ካቴናውን ደጋግሞ ማድረቅና ዘይት መቀባት ያሻል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ፍሬኑ ነው። ቸርኬውን በመጨበጥ የሚያቆሙ ፍሬኖች ቸርኬው ሲረጥብ አቅማቸው በእጅጉ ይቀንሳል። በተለይም ብልጭልጭ የብረት ቸርኬ ባላቸው ብስክሌቶች ላይ ችግሩ ይጎላል። በዝናብ ወይም በጤዛ ጊዜ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ ፍሬኑን በቀስታ ይዞ በመልቀቅ ቸርኬውን ማድረቅ፣ ኋላም የፊቱንና የኋላውን ፍሬን በአንድነት፣ ቀደም ብሎና ሳያስደነግጡ መያዝ ያስፈልጋል። በከተሞቹ ውስጥ የተነጠፈው የኮብልስቶን መንገድ ውርጭ ወይም ዝናብ ሲነካው ስለሚያንሸራትት መታጠፊያ ላይ ፍሬን መያዝ ለመውደቅ ይዳርጋል። ፍጥነት መቀነስ ያለበት ከመታጠፊያው በፊት ነው።

በጉምና በድንግዝግዝ ማየትም መታየትም እኩል አስፈላጊ ናቸው። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ወይም ቢያንስ አንጸባራቂ መለጠፍ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ መልበስ፣ የመንገዱን ቀኝ ጠርዝ ይዞ መንዳት ከአደጋ ይታደጋል። ጆሮን ለማሞቅ የሚጠመጠም ጨርቅ የተሽከርካሪ ድምፅ እስከመከልከል መድረስ የለበትም።

ስለ ሳንባና ስለ ከፍታ

በእንጅባራ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ ሦስት አራተኛ ይቀንሳል። ነጂው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ያንሳል። ለአካባቢው ተወላጅ ይህ የተለመደ ቢሆንም፣ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪዎችን ወደሚቀበለው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከቆላ የሚመጣ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳገት ላይ ማለክለኩ አይቀርም። በብርቱ የሚያለከልክ ሰው ደግሞ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በአፉ ይስባል። ይህም ጉሮሮን ያደርቃል፤ አስም ያለበትን ሰው የመተንፈሻ ቱቦ ሊያጠብበት ይችላል። አፍና አፍንጫን በስስ ሻርፕ መሸፈን የሚወጣው ትንፋሽ የሚገባውን አየር እንዲያሞቅና እንዲያረጥብ ያደርጋል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች በዝግታ መንዳትም ሳንባን ያዘጋጃል። አስም ያለባቸው ሰዎች ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ሳይዙ መውጣት የለባቸውም።

ከሌሎች የሚቀሰም ልምድ

ብርድ ብስክሌትን እንደማያስቀር የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። የፊንላንዷ ኦሉ ከተማ የምትገኘው ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ65 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ በክረምቷ የአየር ሙቀት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ። ሆኖም ነዋሪዎቿ በበረዶ ላይ በብስክሌት ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የመጀመሪያው የክረምት ብስክሌት ጉባኤ የተካሄደውም በዚያችው ከተማ ነበር። የዴንማርኳ ኮፐንሃገንም በረዶ ሲጥል የብስክሌት መንገዶቿን በቅድሚያ ታስጠርጋለች። የነዚህ ከተሞች ሰዎች ከሌላው ሰው የተለየ ገላ የላቸውም። ልዩነቱ ያለው በመንገዱ፣ በመብራቱና በልብሱ ዝግጅት ላይ ነው።

በአገራችን የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ ያደረገው፣ እስከ 2029 የሚዘልቀው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኛና ለብስክሌት ትኩረት የሰጠ ነው። ስትራቴጂው በደጋማ ከተሞች ፍሬ እንዲያፈራ ከተፈለገ የአየር ጠባዩም ከግምት መግባት ይኖርበታል። ብስክሌተኛውን ከጭነት ተሽከርካሪ የሚለይ የመንገድ ጠርዝ፣ በረባዳ ቦታዎችና በድልድዮች አካባቢ መብራት፣ በትምህርት ቤቶችና በመሥሪያ ቤቶች ዝናብ የማይነካው የብስክሌት ማቆሚያና እርጥብ ልብስ የሚሰቀልበት ጥግ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም። በውርጭ ወራት የማለዳ ሥራንና ትምህርትን በጥቂት ደቂቃዎች ማዘግየትም ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ይህ ሁሉ እስኪሟላ ግን ብስክሌተኛው በእጁ ያለው ጥንቃቄ አለ። ጎማውን ዳስሶ፣ ቁርሱን ቀምሶ፣ ደረቱን ከነፋስ ጋርዶ፣ ጓንቱን አጥልቆና ፍሬኑን ጨብጦ ሞክሮ የሚነሳ ሰው የእንጅባራ ውርጭ ከመንገድ አያስቀረውም። ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ሲደርስም ለአፍታ ቆሞ ጣቶቹ እንደሚታዘዙለት ቢያረጋግጥ ጊዜ እንዳባከነ ሊቆጥረው አይገባም። ካልታዘዙለት ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ቁልቁለቱን በእግሩ ቢያልፍ ይሻለዋል። እግሩ ይሞቃል፤ ጣቶቹም ነፍስ ይዘራሉ፤ ከታች ሲደርስም ፀሐይዋ ወጥታ ትጠብቀዋለች።